ስለ ጤና የማይጠየቅበት ወር

ጠያቂ ሆኜ ነው የተፈጠርኩት። እናቴ «ይቺን ልጅ ታክሲ ውስጥ ካስቀመጥካት ከጎኗ ያለው ሰው የት እንደሚወርድ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚሄድም ሳታጣራ አትወርድም» ትል ነበር። እውነቷን ነው። ሥራዬ ኮሌጅ ውስጥ ባዮሎጂ ማስተማር ነው፤ ጠያቂነቴን ተማሪዎቼ ይወዱልኛል፣ ልጆቼ ግን ያፍሩብኛል። ከሰው መሀል «ማሚ፣ ፕሊስ» እየተባልኩ ነው የምኖረው። ዛሬ የማጫውታችሁ ይኸው አመሌ አንድ ቀን ቁም ነገር ላይ ስለዋለበት ጉዳይ ነው።

ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ነው። እኛ ዳላስ አካባቢ ያለን ሰዎች በጸደይ አንድ ኃይለኛ በረዶ ሳይወርድብን አይቀርም፤ በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ወሬው አንድ ይሆናል፣ «ያንቺስ መኪና እንዴት ሆነች?» የኔዋ ጣራዋ ተሰረጓጉዶ ስለነበር ኧርቪንግ ውስጥ ከሀይዌዩ ዳር ወዳለ የመኪና አካል የሚያቃኑበት ሾፕ ወሰድኳት። መጠበቂያ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። እንደምንም አንድ ወንበር አግኝቼ ስቀመጥ ከፊት ለፊቴ አማርኛ ሰማሁ፤ ጆሮዬም ወዲያው ቆመ።

አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ናቸው። ሽማግሌው የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ልጅቷ ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ወደ እሳቸው ዞራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትለምናለች።

«ጋሼ፣ ኤፕሪል እኮ ሊያልቅ ነው። ከዛ በኋላ ስለ ልብህ ይጠይቁሃል… ማለቴ ይጠይቁዎታል። ጠይቀው ኖ ማለት ይችላሉ።»

«አልፈልግም ብያለሁ፣ ሔራን» አሉ ሽማግሌው፤ «ዝም ብለን መኪናዋን እንጠብቅ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን አውጥቶ ያልሰማ ይመስል ነበር። እኔ ግን አልቻልኩም። ይቅርታ ጠይቄ አማርኛ ሰምቼ ማለፍ እንደማይሆንልኝ፣ ስሜም ሰብለወርቅ እንደሚባል ተናገርኩ። ሽማግሌው እንደ ወጉ ከወንበራቸው ብድግ አሉልኝ፤ እኔም «ኧረ በእግዜር ይቀመጡ» ብዬ ተሳቀቅሁ። አቶ መንገሻ ይባላሉ። ከሃያ ዓመት በላይ ከኤርፖርት ወደ አንድ ሆቴል መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ነድተው፣ ባለፈው ኦክቶበር መጨረሻ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ጡረታ ወጥተዋል። ሔራን የወንድማቸው ልጅ ናት፤ እዚሁ አድጋ ፍሪስኮ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሠራተኞችና ለጡረተኞች የጤና ቤኔፊታቸውን ታስረዳለች። አጎቷ አጠገብ ስትሆን ግን አማርኛዋም ዕውቀቷም እኩል ይንተባተባሉ።

«ለመሆኑ ኤፕሪል ሲያልቅ ምን ይሆናል?» አልኩ። እኔ ራሴ ስልሳ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁና ነገሩ በወሬ ብቻ የሚያልፈኝ አልነበረም።

ሔራን በእንግሊዝኛ ጀምራ በአማርኛ፣ በአማርኛ ጀምራ በእንግሊዝኛ እየጨረሰች አስረዳችኝ፤ እኔ አስተካክዬ ላቅርብላችሁ። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የአረጋውያን ኢንሹራንስ ለሐኪም ከሚከፈለው አብዛኛውን፣ ከመቶ ሰማንያ ያህሉን ይችላል። ቀሪው ሃያ የታካሚው ነው፤ ችግሩ ያ ሃያ ጣሪያ የለውም። ጉንፋን ከሆነ ምንም አይደል፤ ቀዶ ጥገና ከሆነ ግን ቤት ያናጋል። ይህን ቀሪ የሚሸፍን ተጨማሪ ኢንሹራንስ የግል ኩባንያዎች ይሸጣሉ። ሜዲጋፕ ይሉታል፣ ብዙ ሰው ደግሞ ሰፕልመንት ይለዋል። አንድ ሰው ስልሳ አምስት ሞልቶት ፓርት ቢ የሚባለው የሜዲኬር ክፍል ከጀመረለት ወር አንስቶ ስድስት ወር የመግዛት ሙሉ መብት አለው። በእነዚያ ወራት ኩባንያው ታመሃል ብሎ ሊመልሰው፣ ወይም በሕመሙ ምክንያት ሊያስወድድበት አይችልም። ስድስቱ ወር ካለፈ ግን ቴክሳስ ውስጥ ኩባንያው ስለ ጤናው መጠየቅ ይችላል፤ መልሱ ካልጣመውም አልሸጥልህም ይላል።

«ታዲያ አቶ መንገሻ ስልሳ ሰባት ከሆናቸው አልፏቸው የለም እንዴ?» አልኳት።

አላለፋቸውም። እሳቸው ሥራ ላይ ስለነበሩ በሆቴሉ ኢንሹራንስ ይታከሙ ነበር፤ ፓርት ቢን የወሰዱት ሥራ ሲያቆሙ፣ ኖቬምበር አንድ ቀን ነው። ስድስቱ ወር የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ኤፕሪል ሲያልቅ እሱም ያልቃል።

ከዚያ ሔራን አጎቷን በፍርሃት አየት አደረገቻቸውና የባሰውን ነገረችኝ። በፌብሩዋሪ ለምርመራ ይዛቸው ሄዳ ነበር፤ ሐኪሙ የልባቸው ቫልቭ መቀየር እንዳለበት፣ ብዙም ማቆየት እንደማይበጅ ነግሯቸዋል። እሳቸው መኪና ውስጥ እንደገቡ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሸዋረገድ እንዳትናገር አስማሏት። ይኸው ሁለት ወር፣ ቀዶ ጥገናውንም ኢንሹራንሱንም አልፈልግም ብለው ቁጭ ብለዋል።

«ለማያውቁት ሰው ገበናዬን ዘረገፍሽው» አሉ አቶ መንገሻ፤ ፊታቸው ቅጭም አለ።

ደነገጥኩ። የሰማሁት ሁሉ እዚሁ እንደሚቀር ቃል ገባሁላቸው። ዛሬ የማወራው በኋላ እሳቸው ራሳቸው «ለሰው ይጠቅማል፣ ንገሪው» ብለው ስለፈቀዱልኝ ነው።

መቼም ዝም ማለት አይሆንልኝምና ለምን እምቢ እንዳሉ በትሕትና ጠየቅኋቸው። በመጀመሪያ የሰጡኝ መልስ የይስሙላ ነበር። በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ ቴሌቪዥኑ «ኢንሹራንስ ቀይሩ» እያለ ጆሮ ሲያደነቁር አይደለም ወይ፣ ያን ጊዜ ይደረሳል አሉ። ሔራን ይህን ጥያቄ በቢሮዋ በቀን አሥር ጊዜ የምትሰማው መሰለኝ፤ ወዲያው ነው የመለሰችው። የኦክቶበሩ ምዝገባ ሜዲኬርን በግል ኩባንያ በኩል ለሚሰጠው፣ አድቫንቴጅ ለሚባለው ፕላንና ለመድኃኒት ፕላን ነው፤ ሰፕልመንትን አይመለከትም። ያኔ ሰፕልመንት ልግዛ ብሎ የሚመጣ ሰው ስለ ጤናው ይጠየቃል። ስንቱ ሰው በዚህ ተሸውዶ እንደቀረ ስትናገር ድምጿ ተለወጠ።

ቀጥላ በበረዶው ልትረታቸው ሞከረች። በረዶው ወርዶ መኪናዋን ከቀጠቀጠ በኋላ የሚሸጥ ኢንሹራንስ የት አለ አለቻቸው። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ቢሮዋ ውስጥ ብዙ ሰው አሳምናበት ይሆናል። አቶ መንገሻ ግን ፈገግ አሉና የሳቸው ቫን አሮጌ እንደሆነች፣ ጣራዋ ተሰረጎደ ብላ መሄዷን እንዳላቆመች፣ እዚህ የመጡትም ለፊት መስታወቷ ብቻ እንደሆነ ነገሯት። ሳቄን ለማፈን ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር። የሚያሳስባት መኪናው አይደለም፣ አጎቷ በቁማቸው እየሞቱባት ነው።

እኔ ደግሞ በግምት ገባሁበት። የወንጌል አማኝ መሆናቸውን ከንግግራቸው ተረድቼ ነበርና፣ ለበሽታ መዘጋጀት እምነት ማጉደል መስሏቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ፓስተራቸው ራሱ ጉልበቱን ተቀድዶ አሁን ቆሞ ይሰብካል፤ ሐኪምን የሰጠ እግዚአብሔር ነው። ክፍያው ከብዷቸው እንደሆነም ጠየቅሁ፤ ልጆቻቸው እንከፍላለን ብለው ለምነዋቸዋል። እንግዲህ ሌላ ምን ቀረ? የማይገባኝ ነገር ሲገጥመኝ እንቅልፍ አይወስደኝምና፣ «አቶ መንገሻ፣ ይቆጡኝ፣ ግን ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አዙረው አዙረው በመጨረሻ ተናገሩ።

«እኔ እዚህ ኧርቪንግ የሹፌሮቹ እድር ሰብሳቢ ነበርኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት። አንድ ጊዜ ያፌት የሚባል ልጅ ልመዝገብ ብሎ መጣ። ቤተሰብ ደህና ነው ወይ ስንለው ደህና ነው አለን። ለካ ሚስቱ ሆስፒታል ተኝታ ኖሯል፤ ሐኪም ተስፋ ቆርጦባታል። ስንሰማ ጉባኤው ተከፋፈለ። አይግባ ብዬ የፈረድኩት እኔ ነኝ። ሰው ያዋጣውን፣ መታመሙን እያወቀ ደብቆ ሊወስድ የመጣ ሰው አጭበርባሪ ነው አልኩ። እንግዲህ ዛሬ እኔ ልቤ መበላሸቱን እያወቅሁ፣ ነገ ልቀደድ ዛሬ ልመዝገብ? በሌላው የፈረድኩትን በራሴ ሲሆን ልሻረው? አላደርገውም።»

ሔራን ይህን ከሳቸው ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ሁለት ወር ሙሉ እያስረዳች የነበረው ላልገባው ሰው መስሏት ነበር፤ ለካ ነገሩ ገብቷቸዋል። ይሄ ብዙ ጊዜ በእኛ በተማርን ሰዎች ላይ የማየው ችግር ነው፤ ሰው እምቢ ሲለን አላወቀም እንላለን እንጂ ምክንያት ይኖረዋል ብለን አንጠይቅም።

«ጋሼ፣ ያ እድር ነው» አለች እንደምንም፤ «ይሄ ኮርፖሬሽን ነው። ኮርፖሬሽኑ ምን ይሆናል?»

«ኮርፖሬሽኑ ገንዘቡን ከየት አመጣው? ከሰው አይደለም?» አሏት።

እውነታቸውን ነው። ደመወዝተኛው፣ ጡረተኛው በየወሩ ከሚከፍለው ነው የሚሰበሰበው። ግን ያ እድር አእምሮዬን ይዞት ስለነበር፣ ለመርታት ብዬ ሳይሆን እንዲሁ ለማወቅ ስል እንዴት እንደተጀመረ ጠየቅኋቸው።

የሚወዱትን ነገር ነካሁባቸው። ኧርቪንግ ውስጥ የአንድ አፓርትመንት ክለብሃውስ የሚሉትን መሰብሰቢያ ክፍል ለምነው፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ሹፌሮቹን ሰበሰቡ። ከዚያ በፊት አንድ ጓደኛቸው ሞቶ አስከሬኑን ለመላክ ታክሲ ማቆሚያው ላይ በኮፍያ ሲለምኑ ውለው ነበርና ያ ሐፍረት ነው ያሰባሰባቸው። ሊመዘገቡ ከመጡት አንዱ ክብረት ይባላል። ክብረት የጉበት ካንሰር እንደያዘው ሁሉም ያውቃል፤ ራሱም አልደበቀም፤ ከስቶ፣ ቀበቶው አልያዝ ብሎት ነው የመጣው። ከኋላ አንዱ «ይሄማ ዓመቱን አይጨርስም፣ ዕዳ ነው» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰሙት።

«ምን አደረጉ ታዲያ?»

«ተነሥቼ ተናገርኩ። ዛሬ የምንጀምርበት ቀን ነው፤ ዛሬ የመጣ ሁሉ እንዳለ ይገባል፤ ማንም ስለ ጤናው አይጠየቅም አልኩ። ከዛሬ በኋላ የሚመጣውን እንጠይቃለን፣ ዛሬ ግን አንጠይቅም። ክብረት ከአራት ወር በኋላ ሞተ። በክብር ላክነው። አንድም ሰው አላጉረመረመም፣ ያ ያንሾካሾከው እንኳ።»

ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው ረጥቧል። እኔ ግን የሚጠየቀውን ነገር አገኘሁት።

«ክብረት እናንተን አጭበረበረ?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«መታመሙን ያውቅ አልነበረም? ያውቅ ከነበረ ከያፌት በምን ይለያል?»

ኮፍያቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው በእጃቸው ያዙት። በዚህ መሀል የሔራን ስልክ ጠራ፤ አላነሳችውም።

«ያፌት ጠይቀነው ዋሸን» አሉ በመጨረሻ ቀስ ብለው፤ «ክብረት ግን አልተጠየቀም። ቀኑ የሁሉም ቀን ነበረ። ግቡ ያልነው እኛው ነን።»

ሔራን ከወንበሯ ተነሥታ እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች። የሚቀጥለውን የተናገረችው በተሰባበረ አማርኛ ቢሆንም፣ ከዚያ የተሻለ ንግግር ከማንም አልሰማሁም።

«ጋሼ፣ ይሄስ ማነው ግቡ ያለው? ሕጉ ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች በዚህ ስድስት ወር ውስጥ የታመመም እንደሚመጣ ያውቃሉ። ኩባንያውም ያውቃል፤ ከመጀመሪያው ዋጋውን ሲያወጣ አስቦበት ነው። ጤነኛውም አሁን ይገባል፣ በሽተኛውም አሁን ይገባል፣ አብረው ይከፍላሉ። ከማንም አልደበቅክም። ኦክቶበር ላይ ብትሄድ ግን ይጠይቁሃል። አንተ ደግሞ አትዋሽም፣ አውቅሃለሁ። እውነቱን ትናገራለህ፣ እነሱም ኖ ይሉሃል። ሶ፣ አንተ ዓይነት ሰው፣ የማይዋሽ በሽተኛ፣ የሚገባበት ጊዜ አሁን ነው። ከኤፕሪል በኋላ ሳይጠየቅ ሊገባ የሚችለው የሚዋሽ ብቻ ነው፤ እሱም ከተያዘ ይሰርዙታል።»

አቶ መንገሻ ጭንቅላቷን በእጃቸው ነካ አደረጉ። «እንደዚህ አድርገሽ ለምን ቶሎ አልነገርሽኝም?» አሏት።

«አንተስ ምክንያትህን ቶሎ አልነገርከኝማ!» አለች፤ እያለቀሰች ሳቀች።

ከዚህ በኋላ ሰውየው ሌላ ሰው ሆኑ ብላችሁ አታምኑኝም። የእድር ሰብሳቢነታቸው ተነሥቶባቸው ስለ ጓደኞቻቸው ይጠይቁ ጀመር። ማኑሄ የሚባል የሥራ ባልደረባቸው ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ለሱ አበቃለት ወይ አሉ። ሔራን እንደ ሁኔታው ነው አለች። የያዘው አድቫንቴጅ ፕላን ከሚኖርበት አካባቢ ከወጣ ወይም ከቀረ፣ ወይም ሜዲኬሩን የሚደግፍለት የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ ከተቋረጠ፣ አንዳንድ ሰፕልመንቶችን ሳይጠየቅ የመግዛት መብት እንደገና ያገኛል። ሽፋኑ ካለቀ በኋላ ግን የሚሰጠው ሁለት ወር ገደማ ነው፣ ወዲያው መንቀሳቀስ አለበት። ስልሳ አምስት ሲሞላው በቀጥታ አድቫንቴጅ ገብቶ የነበረ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ሐሳቡን ከቀየረ ወደ መደበኛው ሜዲኬር ተመልሶ ሳይጠየቅ ሰፕልመንት መግዛት ይችላል። ከነዚህ ውጭ የሆነ ሰው ማመልከት ቢችልም ይጠየቃል። ማን ከየትኛው እንደሚመደብ ግራ ለገባው፣ ግዛቷ ጡረተኞችን በነጻ የሚያማክሩ ሰዎች አሏት፤ የሚሸጡት ነገር ስለሌላቸው የሚነግሩት እውነቱን ነው።

«ሐሙስ የእድሩ ሰዎች ይሰበሰባሉ» አሉ አቶ መንገሻ፤ «ስልሳ አምስት የተጠጋውን ሁሉ አስነሥቼ ነው የምነግረው።»

እስኪ እኔም ለናንተ በግልጽ ልበለው፤ የዚህ ጨዋታ ጥቅሙ እሱ ነውና። ስልሳ አምስት ሊሞላችሁ ሲል፣ ወይም ከዚያ አልፎም እየሠራችሁ ቆይታችሁ ፓርት ቢ ልትወስዱ ስትሉ፣ ያ ቀን መቼ እንደሚጀምር ዕወቁ። ከዚያ የሚቆጠረው ስድስት ወር በሕይወታችሁ አንድ ጊዜ የሚሰጣችሁ ነው። ጤነኛ ነኝ ብሎ የሚያሳልፈው ሰው በኋላ ሲታመም ይፈልገዋል። ታምሜአለሁ ብሎ የሚያፍረውም በከንቱ ነው የሚያፍረው። ያን ጊዜ የገባ ሰው ሜዲኬር ከሚቀበሉት ሐኪሞች የፈለገው ጋ ይሄዳል፣ ቀዶ ጥገናውን ቀን እየቆጠረ አያዘገየውም፣ ለትዳር ጓደኛውም ዕዳ አያወርስም። ይህን ሁሉ የሚያገኘው የማንም ደጅ ሳይጠና ነው፤ መብቱ ነው።

ሔራን እዚያው ለአንዲት የኢንሹራንስ ወኪል ኮል አደረገች፤ ስልኩን አጎቷ እጅ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሴትየዋ በትሕትና ስማቸውን፣ የትውልድ ዘመናቸውን፣ የመኖሪያ አድራሻቸውን፣ ፓርት ቢ የጀመረበትን ቀን ጠየቀቻቸው። ሔራን ለቆየ ሕመም የመጠበቂያ ጊዜ ይኖር እንደሆነ ጠየቀች፤ ከሆቴሉ ኢንሹራንስ በቀጥታ ወደ ሜዲኬር ስለገቡ፣ መሀል ላይ ስላልተቋረጠባቸው አይኖርም አለቻት። ሽፋኑ ሜይ አንድ ቀን ይጀምራል።

አቶ መንገሻ ግን አላረፉም። ጉሮሯቸውን ጠራረጉና በዚያ የሹፌር እንግሊዝኛቸው የሚነግሯት ነገር እንዳለ፣ ልባቸው ደህና እንዳልሆነ፣ ቫልቩ እንደሚቀየር ተናገሩ። ሔራን ግንባሯን ያዘች። ወኪሏ በረጋ ድምፅ፣ «ጌታዬ፣ እሱን መንገር አያስፈልግዎትም። እርስዎ ባሉበት በዚህ የስድስት ወር ጊዜ ስለ ጤናዎ አልጠይቅዎትም። ተቀብለንዎታል» አለቻቸው።

ስልኩ እንደተዘጋ ለሔራን መለሱላት። ከዚያ የራሳቸውን ስልክ ከኪሳቸው አውጥተው ደወሉ።

«ሸዋዬ፣ ቁጭ ብለሻል? የደበቅሁሽ ነገር አለ» አሉ። ልንወጣላቸው ስንነሣ በእጃቸው ተቀመጡ ብለው ምልክት ሰጡን። ስለ ልባቸው፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ሁለቱ ወር አንድ በአንድ ነገሯት። ከወዲያ በኩል ልቅሶ ይሰማል ብዬ ስጠብቅ የወይዘሮ ሸዋረገድ ድምፅ አጠር ብሎ አንድ ነገር ተናገረ።

አቶ መንገሻ ስልኩን ከጆሯቸው አራቅ አድርገው ወደ ሔራን ዞሩ።

«ለሐኪሙ ደውይለት» አሏት፤ «ሸዋረገድ ቀጠሮው መቼ ነው እያለችኝ ነው።»